ድንጋዩስ?

ከባሕር ዳር ወጥተን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣
አሥራ አራት ሰው ጭነን
(አሥራ ሁለት ነው ሕጉ፣ ሁለቱን ደርበን)፣
ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሩዙ እግሩን ውሃ ነክሮ በቆመበት፣
ጣና በስተግራ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ብልጭ ባለበት፣
በሐምሌ ምሽት፣
መኪናችን ሳለች።
አንዴ ሳለች። ሁለቴ። ከኮፈኗ ሥር ነጭ ትንፋሽ ወጣ፣
መሪው እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ጠርዙ መጣ።

እኔ ያን ጊዜ ረዳት ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ፤
«ወረታ! አዲስ ዘመን! ጎንደር!» ይኸው ነው ዕውቀቴ።
ጨርቅ ይዤ ዘለልኩ ወደ ራዲያተሩ፣
«ተው!» አለኝ ጋሽ እንዳላማው፣ ሳይነሣ ከወንበሩ፤
«የፈላ ድስት ክዳን በጥድፊያ አይከፈት፤
መታወቂያ ሳታወጣ ፊትህን አታጥፋት።»

የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የአደጋ መብራቷን ነካ።
የግራዋ ብቻ በራች፤ የቀኟ ዐይን ከሞተች ቆይታለች ለካ።

«መጀመሪያ ሰው» አለ፣ «ዕቃው አይሞትም፣ ይቆይ።
በቀኝ በር ውረዱ፤ ወደ አስፋልቱ ዞር የሚል እንዳላይ።
ከኋላዋ ማንም አይቁም፤ የሚመጣው አያይም፤
ከቦዩ ማዶ ሂዱ። ጭቃ ነው? ይሁን። ጭቃ ሰው አይገድልም።»
አንድ ባለ ዶሮ አጉረመረመ፣ ጫማውን እያየ።
ይታይሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ተሻገረች፣
የማታውቀውን ሽማግሌ ክንድ ይዛ፣ ቀስ እያለች።

ቅጠል ልቆርጥ ሮጥኩ። ዛፍ የለም። ሩዝ ነው፣ እስከ ዐይን መድረሻ።
ምን አቆማለሁ ለነጂ ማስታወሻ?
«እንካ» አለችኝ ይታይሽ ከቦዩ ማዶ፤
ለጠበል ብላ የገዛችው ጀሪካን፣
ቢጫ፣ ገና ውሃ ያልነካው።
«አርባ እርምጃ ሂድና አቁመው። የለም፣ መቶ አድርገው፤
ዝናብ ነው፤ ጎማ በዝናብ የሚቆመው
ቆሜያለሁ ካለ በኋላ ነው።
ስትሄድ በጠርዙ፣ ፊትህን ለሚመጣው ሰጥተህ።»

አራት ድንጋይ ደረደርኩ፣ ጥቋቁር፣ ከባድ፣
ጀሪካኑን በላያቸው፣ ስልኬን አብርቼ በውስጡ፤ እንደ ፋኖስ እንዲነድ።

ከሩቅ አይሱዙ መጣ። ሽንኩርት። ከራሱ ቀድሞ ሽታው ደረሰ።
መብራቱ ቢጫዋን ላሰ፣ አመነታ፣ ጥቂት ቀነሰ፣
ዞረን፣ አለፈ፤
ጥሩንባው ሩዙ ላይ ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።
ማንም አልተናገረ።
ባለ ዶሮው ብቻ፣ ያ አጉረምራሚው፣
ከቦዩ ርቆ ሁለት እርምጃ ጨመረ።

ሞተሩ በረደ። የተሰነጠቀው ቱቦ በከመነዳሪ ቁራጭ ተጠመጠመ፤
ከሩዙ ቦይ ውሃ ቀዳን፣ ሞላን፤ ቆመ ማፍሰሱ፣ ታከመ።
ሰው ተሳፈረ። ጀሪካኑንም ስልኩንም አንሥቼ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣
«ንካው!» ብዬ ጣሪያውን መታሁ።

አልነካውም።
«ድንጋዩስ?» አለኝ።
«ጋሼ፣ ጨለመ። ሰዉም...»
ማርሽ አላስገባ። በመስታወቱ አየኝ።
«ታናሽ ወንድሜን መኪና አይደለም የገደለው።
ዓለም በር አጠገብ፣ በሞተር ሳይክል፣ ሌሊት፣
የዳነ ሰው የረሳው ድንጋይ ነው።»

ወረድኩ። ዝናቡ ይመታኛል።
አንዱን ተሸክሜ ቦይ ውስጥ ጣልኩ፣ ሁለተኛውን፣
ሦስተኛው ላይ ወገቤ እምቢ አለ፤
ቀና ስል ባለ ዶሮው ከጎኔ አለ፣
አራተኛውን ታቅፎ፣ ያለ ቃል፣ እንደ ሕፃን።

አሁን መሪው የኔ ነው። ሁለቱም ዐይኖቿ ይበራሉ፤
ቀይ ሦስት ማዕዘን አለኝ፣ ከወንበሬ ሥር።
ግን በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ አስፋልት ላይ ያደረ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር፣
«እዚህ ማን ዳነ?» እላለሁ።
ዳር ይዤ እቆማለሁ።
እወርዳለሁ።